«አይሆንም» የማለት ፈቃድ

የሰናፍጭ ጋዝን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1935 ማብቂያና በ1936 የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰሜን ግንባር፣ በወታደሩም በገበሬውም ላይ ያርከፈከፉት፣ ቆዳ የሚልጥና ዓይን የሚያጠፋ መርዝ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው። የእኛ አቆጣጠር ወደ መጨረሻው አካባቢ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል።) ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የዚሁ መርዝ የቅርብ ዘመድ ዛሬም በካንሰር ሕክምና ክፍሎች በግሉኮስ መስመር እንደሚሰጥ ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ ይባላል። ጥቁር አንበሳ ዘመድ ያስታመመ ሰው ስሙን ሳይሰማ አይቀርም።

ከመርዝ ወደ መድኃኒት የተሄደበት መንገድ አጭር ነው። ጋዙ ከቆዳ አልፎ ነጭ የደም ሴሎችን እንደሚጨርስ ሐኪሞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ አይተዋል። በ1942 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጉድማንና ጊልማን የተባሉ ተመራማሪዎች ናይትሮጂን ያለበትን የጋዙን ዘመድ በሊምፎማ ለታመመ አንድ ሰው እንዲሰጥ አደረጉ። እብጠቱ ሟሸሸ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣ። በዲሴምበር 1943 የጀርመን አውሮፕላኖች የባሪን ወደብ ሲደበድቡ፣ በምስጢር የሰናፍጭ ቦምብ የጫነ አንድ የአሜሪካ መርከብ ፈነዳ፤ ጉዳዩን ያጣራው ሐኪምም የተጎጂዎቹ ነጭ የደም ሴል እንዴት እንዳሽቆለቆለ መዘገበ። (ባሪ የጣሊያን ከተማ መሆኗ ለእኛ የራሱ ስሜት አለው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም።) በ1948 ደግሞ ቦስተን ላይ ሲድኒ ፋርበር የደም ካንሰር ላለባቸው 16 ሕፃናት አሚኖፕተሪን የተባለ ሌላ መድኃኒት ሰጥቶ 10ሩ ለጊዜውም ቢሆን እንደተሻላቸው አሳተመ። ኬሞቴራፒ ተወለደ።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ፋርማሲስት የለም። ተመራማሪ አለ፣ ሐኪም አለ፣ በኋላም ነርስ መጣች። ፋርማሲስቱ ብልቃጡን ከመጋዘን አውጥቶ የሚሰጥ ሰው ነበር።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ የተማርኩትም ምህንድስና ነው። ሥራዬ ካስተማረኝ ነገሮች አንዱ ስለ አንድ መሥሪያ ቤት እውነቱን ለማወቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መፈክር ሳይሆን የፈቃድ ሰንጠረዡን ማየት ነው። ማን ያያል? ማን ይጽፋል? ማን ያስቆማል? የኦንኮሎጂ ፋርማሲስቶችን ታሪክ ማንበብ ስጀምር ያገኘሁት ይህንኑ ሰንጠረዥ ነው። ሰባ ዓመት ገደማ ሙሉ አንድ ሳጥን በአንድ ሳጥን ሲሞላ ታያላችሁ፤ አብዛኛው ሳጥን የተሞላው ደግሞ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሳጥን የተከፈተው በነርሶች ሽንት ነው። ቀልድ አይደለም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ መድኃኒቶቹ ከምርምር ወጥተው ወደ ተራው ሆስፒታል ሲገቡ የሚቀመሙት እዚያው ታካሚው የተኛበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነበር። ነርሷ ብልቃጡን ትሰብራለች፣ ዱቄቱን ታሟሟለች፣ በሲሪንጅ ትስባለች። ጠብታው እጇ ላይ፣ ትነቱ አፍንጫዋ ላይ። በ1979 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የፊንላንድ ጥናት እነዚህን መድኃኒቶች የሚነኩ ነርሶች ሽንት የባክቴሪያን ዘር የመለወጥ ኃይል እንዳለው አሳየ። የሚያድኑበት መድኃኒት በራሳቸው ሰውነት ውስጥ እያለፈ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ቅመማውን ከመኝታ ክፍል አውጥቶ ወደ ፋርማሲ መውሰድ ሆነ። እዚህ ላይ ምህንድስና ለተማረ ሰው የምትጥም አንዲት ነገር አለች። ፋርማሲዎቹ ቀድሞውንም ንጹሕ አየር የሚነፋ የቅመማ ጠረጴዛ ነበራቸው፤ ግን አየሩ የሚነፍሰው ከውስጥ ወደ ሠራተኛው ፊት ነበር። የተሠራው መድኃኒቱን ከሰው ጀርም ለመጠበቅ ነዋ! ሰውን ከመድኃኒቱ ለመጠበቅ ማንም አላሰበም። ስለዚህ ችግሩ ከነርሷ ወደ ፋርማሲስቱ ተላለፈ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አየሩ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ሳጥን ሲተካ ነው የፋርማሲ ሠራተኞቹም ሽንት የጠራው።

ልብ በሉ፤ ፋርማሲስቱ ወደ ኬሞ የገባው በእውቀቱ ተፈልጎ አይደለም። ሳጥኑ እሱ ቤት ስለነበረ ነው። ግን አንዴ ከገባ ትእዛዙን ማንበብ ግድ ሆነበት፤ ማንበብ የጀመረ ሰው ደግሞ መጠየቁ አይቀርም።

የሚያነበው ነገር ቀላል አልነበረም። የኬሞ መጠን እንደ ፓራሲታሞል «አንድ ፍሬ ጠዋት፣ አንድ ፍሬ ማታ» አይደለም። በሰውነት የቆዳ ስፋት ይሰላል፤ ይህን ያህል ሚሊ ግራም በካሬ ሜትር። ቁመትና ክብደትን ወደ ስፋት የሚለውጠው ዝነኛ ቀመር በ1916 ዱ ቧ የተባሉ ሁለት ዘመዳሞች ያወጡት ሲሆን የተመሠረተው በ9 ሰዎች ልኬት ላይ ነው። ዘጠኝ! ካርቦፕላቲን ለተባለው መድኃኒት ደግሞ ከ1989 ጀምሮ የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚያስገባ ሌላ ቀመር አለ። አንድ የተሳሳተ ክብደት፣ አንድ ያረጀ የላቦራቶሪ ወረቀት፣ አንድ የነጥብ ቦታ በቂ ነው። በመርዝና በመድኃኒት መካከል ያለው ርቀት በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ በጣም ጠባብ ነው።

ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ዓለም የተማረው ከቤትሲ ሌማን ነው። ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ላይ የጤና ዓምድ ጸሐፊ፣ የ39 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት። በ1994 መጨረሻ ዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ውስጥ በምርምር ፕሮቶኮል ለጡት ካንሰር ትታከም ነበር። (ተቋሙ የመንግሥት አይደለም፤ ግን የመንግሥት ሆስፒታሎችም ሕጋቸውን የቀየሩት ይህን ታሪክ ይዘው ስለሆነ ልለፈው አልችልም።) መድኃኒቷ ያው የሰናፍጭ ዘመድ፣ ሳይክሎፎስፋማይድ። ትእዛዙ በግርድፉ፦ 4 ግራም በካሬ ሜትር፣ በአራት ቀን።

እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። አራት ግራሙ በአራቱ ቀን ተከፋፍሎ ነው ወይስ በየቀኑ አራት ግራም ለአራት ቀን? የታሰበው የመጀመሪያው ነበር። በእሷ የሰውነት ስፋት ሲሰላ ጠቅላላው 6,520 ሚሊ ግራም ነበር፣ በቀን 1,630። የተሰጣት ግን በየቀኑ 6,520 ነው። ለአራት ቀን። ዲሴምበር 3 ቀን 1994 ሞተች። ትእዛዙ በሐኪም ተጽፎ፣ ፋርማሲ አልፎ፣ በነርሶች እጅ ተሰጥቶ ማንም አላስቆመውም። ስህተቱ የታወቀው ከሁለት ወር በኋላ ሲሆን ያገኙትም ለምርምሩ መረጃ የሚያስገቡ ሠራተኞች ናቸው። ያው ስህተት የደረሰባት ሌላ ታካሚም ነበረች።

እኔ ይህን ሳነብ ያየሁት ክፉ ሰው ሳይሆን ያልጠራ ስፔሲፊኬሽን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ካለው አንድ ቀን የሆነ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። የእኛ ሙያ ለዚህ መላ አለው፤ ኮዱን የጻፈው ሰው ራሱ አያጸድቀውም፣ ሌላ ዓይን ያየዋል፣ ያ ሌላ ዓይን ደግሞ መመለስ ይችላል። ቁም ነገሩ መመለስ መቻሉ ላይ ነው። አይቶ ብቻ የሚያሳልፍ ገምጋሚ ካለ ስህተቱ ሁለት ፊርማ ይዞ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች ሁሉ ወደዚያ ያመሩ ናቸው። መጠኑ የቀን ተብሎ ይጻፍ፤ ጣሪያ ያለፈ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ይያዘው፤ ፋርማሲስቱ ፕሮቶኮሉን ራሱ አንብቦ ስሌቱን ከዜሮ ይሥራ። አሜሪካ ውስጥ ኦንኮሎጂ ፋርማሲ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሆኖ የታወቀው በ1996 ነው። በዚህ ሞት ብቻ የመጣ አይደለም፣ ሲዘጋጅበት ቆይቷል። ቢሆንም ቀኖቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

አሁን ወደ ብሪታንያ፣ ወደ እውነተኛው የመንግሥት ሆስፒታል እንሻገር። ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት አለ። በደም ሥር ሲሰጥ የብዙ ሕፃናትን የደም ካንሰር የሚያድን ነው። ያው ሲሪንጅ በስህተት በጀርባ፣ ወደ ህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ከገባ ግን ሰውየው ቀስ በቀስ ከእግሩ እየደነዘዘ ይሄዳል፤ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ለእነዚሁ ታካሚዎች በጀርባ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት መኖሩ ነው። ሁለት ሲሪንጅ፣ አንዱ ለደም ሥር፣ አንዱ ለጀርባ። አፋቸው ደግሞ አንድ ዓይነት፤ ሉየር የሚባለው፣ ከማንኛውም መርፌ ጋር የሚገጥመው።

የብሪታንያ ጤና መሥሪያ ቤት በ2000 ባወጣው ሪፖርት ከ1985 ጀምሮ ቢያንስ 13 ሰዎች በዚህ ዓይነት የጀርባ መርፌ ስህተት እንደሞቱ ወይም ሽባ እንደሆኑ ቆጥሮ፣ እስከ 2001 ማብቂያ ቁጥሩ ዜሮ እንዲሆን ግብ አስቀመጠ። በጃንዋሪ 4 ቀን 2001 ኖቲንግሃም፣ ኩዊንስ ሜዲካል ሴንተር ውስጥ ዌይን ጆዌት የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ለሕክምና መጣ። ከካንሰሩ እያገገመ ነበር። ሁለቱ መድኃኒቶች በተለያየ ጊዜ መምጣት ሲገባቸው በአንድ ላይ ደረሱ። ቪንክሪስቲኑ በጀርባው ተሰጠ። ፌብሩዋሪ 2 ሞተ።

ነገሩን ያጣራው ሪፖርት የአንድን ሰው ጥፋት ብቻ አላየም። እያንዳንዱ ብቻውን ሰው የማይገድል የትንንሽ ክፍተቶች ሰንሰለት ነበር። ፋርማሲው ሁለቱን መድኃኒቶች የመለየት ልማድ ነበረው፤ ልማዱ ግን ሕግ አልነበረም፤ ክፍሉ «አንድ ላይ ላኩልን» ሲል የፋርማሲው ልማድ ተሸነፈ። በሰንጠረዡ ቋንቋ ፋርማሲስቱ የመጻፍ ፈቃድ ነበረው፣ የማስቆም ግን አልነበረውም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ብሔራዊ መመሪያ ያንን ቀየረ። በጀርባ የሚሰጥ ኬሞ የሚያዝ፣ የሚያወጣና የሚወጋ ሰው ስሙ በመዝገብ መኖር አለበት። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን የሚያስረክበው መዝገቡ ላይ ላለ ሐኪም በእጁ ነው። የደም ሥሩ መድኃኒት መሰጠቱ ሳይረጋገጥ የጀርባው ከፋርማሲ አይወጣም። ስሙ ከሌለ፣ ፕሮፌሰርም ቢሆን፣ አይሆንም።

ይበልጥ የወደድኩት ግን ቀጥሎ የመጣውን ነው። በ2007 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንዲት የ21 ዓመት ወጣት በዚሁ ስህተት ከሞተች በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ቪንክሪስቲን በሲሪንጅ መሰጠቱ ይቅር፣ በትንሽ የግሉኮስ ከረጢት ይዘጋጅ ብሎ አሳሰበ፤ ብሪታንያም በ2008 ለአዋቂዎች 50 ሚሊ ሊትር ከረጢት እንዲሆን አዘዘች። ሐሳቡ ሲያዩት የልጅ ነው። ማንም ጤነኛ ሰው 50 ሚሊ ሊትር የሞላ ከረጢት አንጠልጥሎ የጀርባ መርፌ ላይ ለመሰካት አያስብም። ማስጠንቀቂያ ከመለጠፍ የዕቃውን ቅርጽ መቀየር! እኛ ስህተቱ ጨርሶ እንዳይጻፍ የሚያደርግ ዓይነት የምንለውን እነሱ በፕላስቲክ ሠሩት። ይህን ውሳኔ ደግሞ ሥራ ላይ የሚያውለው ቀማሚው፣ ፋርማሲስቱ ነው። በ2006 ብሪታንያ ፋርማሲስቶች ሥልጠና ወስደው ራሳቸው መድኃኒት እንዲያዙ ፈቀደች፤ ዛሬ በመንግሥት ሆስፒታሎች የራሳቸው ተመላላሽ ታካሚ ያላቸው ኦንኮሎጂ ፋርማሲስቶች አሉ። ከመስኮት ጀርባ ወጥተው ወንበር አገኙ።

እኛ ጋስ? እኛ ጋ መስኮቱ ገና አለ። አብዛኛው ታካሚ ፋርማሲስትን የሚያውቀው በዚያች ትንሽ ቀዳዳ «ይሄ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲል ነው። ነገሩ ግን መንቀሳቀስ የጀመረው ዘግይቶ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክሊኒካል ፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪ የጀመረው ከ2006 አካባቢ ነው፤ በ2008 የመጀመሪያ ዲግሪው ሥርዓተ ትምህርት አምስት ዓመት ሆኖ ታካሚ ላይ ያተኮረ እንዲሆን ተቀየረ። ማለትም አልጋ አጠገብ ቆሞ ትእዛዝ እንዲመረምር የተማረ ትውልድ አለ። ጥያቄው ሆስፒታሉ የት ያስቀምጠዋል ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የኬሞ ትእዛዝን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ባሰበ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል (ስሙ ይቅር) የሙከራውን ፎርም ከሠሩት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ከኮሚቴው የመጣልን ሰንጠረዥ ላይ ሐኪሙ ያዛል፣ ያርማል፣ ይሰርዛል። ነርሷ መስጠቷን ትመዘግባለች። በፋርማሲስቱ ረድፍ የተጻፈው «ማየት፣ ማተም» ብቻ ነው። የክፍሉ ፋርማሲስት፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ፣ ሰንጠረዡን አይታ ምንም አላለችም። ከመሳቢያዋ አንድ ሃርድ ከቨር ደብተር አወጣች። ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ መድኃኒት፣ ምን እንደታዘዘ፣ ደውላ ምን እንደተስተካከለ። ገጽ በገጽ።

«ስደውልላቸው ያርሙታል፣ ክፋት የላቸውም» አለችኝ። «ግን ደውዬ ያስቆምኩት የት ይጻፋል ወንድሜ? በወር ሪፖርት የሚጠየቀው ስንት ብልቃጥ ወጣ ነው።»

የእኛ አገር የኦንኮሎጂ ፋርማሲ ታሪክ፣ ይመስለኛል፣ እንዲህ ያሉ ደብተሮች ውስጥ ነው ያለው። ያልሞተ ሰው ፋይል ስለማይከፈትለት ነው መሰል ማንም አላጠናቀረውም። እኛ «ያዝ» የሚል ቁልፍ፣ ከምክንያት መጻፊያ ሳጥን ጋር፣ ወደ ፎርሙ እንዲገባ ሐሳብ አቀረብን። ስብሰባው ረዘመ። አንድ አባል ሐኪምን በፋርማሲ ማስፈቀድ እንዳይሆን ፈራ። ፍርሃቱን አልንቀውም፤ ሌሊት ተረኛ የሆነ ሐኪም የሚያስቆመው ሰው በበዛ ቁጥር ታካሚው ይጠብቃል። በመጨረሻ ቁልፉ ገባ፣ ግን ለቀን ሰዓት ብቻ።

ያንን ደብተር ሳገላብጥ ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር በጭራሽ የማይይዛቸው ነገሮች አየሁ። ለምሳሌ ቀን። ብዙ ኬሞ በ21 ቀን ይደገማል። ነሐሴ 25 የወሰደ ሰው ቀጣዩ መቼ ነው? ጳጉሜን የረሳ ሰው መስከረም 16 ይላል፤ ትክክሉ መስከረም 11 ነው፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ደግሞ መስከረም 10። የላቦራቶሪው ወረቀት በፈረንጅ ቀን ይታተማል፣ ቀጠሮ ካርዱ በእኛ ይጻፋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የተቀመመ መድኃኒት ላይ «ከ8 ሰዓት በኋላ አይሰጥ» ተብሎ ቢለጠፍ ጠዋት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ? ስም ደግሞ አለ። በአንድ ቀን ሁለት አበበ ከበደ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚለያቸው የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ነው። ልጅቷ ሦስቱንም በቃል ትጠይቃለች። ፎርሙ ላይ ስላለ አይደለም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የብልቃጥ ሒሳብ ነው። ዶክሶሩቢሲን በ50 ሚሊ ግራም ብልቃጥ ይመጣል እንበል፤ ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 70 ያስፈልጋቸዋል። ለየብቻ ከተቀመመ 6 ብልቃጥ ይከፈታል፣ ከእያንዳንዱ ሰው 30 ሚሊ ግራም ይደፋል። ሦስቱን በአንድ ቀን ቀጥሮ ንጹሕ ክፍል ውስጥ በተከታታይ ከተቀመመ 5 ይበቃል። ሐኪሙ ከ5 በመቶ ያነሰ ቅናሽ ከፈቀደ ደግሞ 4። የተረፉት ሁለቱ ብልቃጦች የሌላ ሰው የአንድ ዙር መድኃኒት ናቸው። በ2017 ፋይዘርና ሲፕላ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለስድስት የአፍሪካ አገሮች የካንሰር መድኃኒት በቅናሽ ለማቅረብ ሲስማሙ ዜናው ስለ ዋጋ ነበር፤ ይህ የብልቃጥ ሒሳብም በዚያው ልክ ዋጋ ነው፣ የሚሠራውም በሦስት ሰዎች ቀጠሮ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ሲኖር ነው።

ይህ ሁሉ ግን ብልቃጡ የሆስፒታሉ ሲሆን ነው። ታካሚው ከውጭ በራሱ ገንዘብ፣ በሬ ሸጦም ይሁን ከዘመድ አሰባስቦ፣ ሁለት ብልቃጥ በላስቲክ ይዞ ሲመጣ ግን ትርፉ 30 ሚሊ ግራም የማን ነው? ቢደፋ ብክነት ነው። ቀጥሎ ለተቀመጠችው ሴትዮ ቢሰጥ ያልተፈቀደ ነገር ነው። ለራሱ ይቀመጥለት ቢባል ከሦስት ሳምንት በኋላ አይሆንም። ልጅቷ ሁለቱን ታካሚዎች በስም እየጠራች አግዳሚው ላይ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣ ታስረዳቸውና እንዲስማሙ ታደርጋለች። ለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚጻፍ ቡድናችን ውስጥ እስካሁን አልተስማማንም።